ሰባት ከዘጠኝ

ኮርትራይክን ከፍሎ የሚያልፈውን ወንዝ "ላይ" ብለው ይጠሩታል፤
ስሙን ብቻ የሰማ፣ ሽቅብ የሚወጣ ውኃ ይመስለዋል።
ከመስኮቴ ሆኜ ሦስት ክረምት አየሁት፤ ቁልቁል ነው የሚሄደው።
ስምና አካሄድ ለየቅል መሆኑ
አይገርመኝም እኔን፤ እንጀራዬ እሱ ነው።
የድርጅት ሒሳብ አነባለሁ፣
የሚለውን ትቼ የሚሄድበትን።

ማክሰኞ አመሻሽ ወይዘሮ ጎደሊቭ ደረጃውን ወጡ፣
የቤቴ ባለቤት፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣
በየእርከኑ ቆም እያሉ፣
ቡናማ ፖስታ ከብብታቸው።
አራት መቶ አክሲዮን፤ የፋን ሃልስት የሽመና ፋብሪካ፣
ባላቸው ሲሞቱ የተዉላቸው።
"ይሄ ነገር ይከርማል? ወይስ ልሽጠው?" አሉ።
"የገንዘቡ ነገር አይደለም" ብለው ጀመሩና
ትንፋሻቸውን ሰብስበው
"የገንዘቡም ነገር ነው" አሉ።

እርሳስ ቀረጽኩ። ዘጠኝ ጥያቄ አለ፤
ለ"አዎ" አንድ፣ ለ"የለም" ዜሮ፤
"ምናልባት" የሚባል አልተፈጠረለትም፤
ይህ ዳኛ አማላጅ አይሰማም።
አተረፈ? አተረፈ። አንድ።
ከሥራው ገንዘብ ካዝና ገብቷል? ገብቷል።
ካምና ዘንድሮ ሻል ብሏል? ብሏል።
ግን ትርፍ የተባለው ከገባው ገንዘብ በልጧል፤ ይሄ ዜሮ ነው፤
አሮጌውን ሕንጻ ሽጠው ነዋ!
ግድግዳውን በልቶ የወፈረን ቤት ማን ያመሰግነዋል?
ዕዳው ግን በዚያው ቀለለ፤ አንድ፤ ሕግ ነው፣ ምን ይደረጋል።
ዘንድሮ ለሚጠየቀው የእጁ አንሷል፤ ሁለተኛ ዜሮ።
አዲስ አክሲዮን አትሞ የነባሩን ድርሻ አላቀጠነም።
ከእያንዳንዱ ሜትር ጨርቅ የሚቀረው ጨምሯል፤
እዚህ ላይ እርሳሴን ጫን አድርጌ፣ ደስ ብሎኝ፣ አንድ።
የተረፈው ንብረትም አልተኛም፤ ሌት ተቀን ያንቋቋል።
ሰባት ከዘጠኝ።
"ጤነኛ ነው፤ ይያዙት" አልኳቸው።

ዝም አሉ። ወረዱ።
ብዙ ቆይተው ሁለት ጨርቅ ይዘው መጡ፤
አንዱ የሠርጋቸው የጠረጴዛ ልብስ፣ አንዱ ባለፈው ፋሲካ የገዙት፤
ሁለቱም የሃልስት፣ ሁለቱም የተልባ እግር፣ ሁለቱም ነጭ።
በኛ ዘንድ ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ ነው፤
እዚህ ፍሬውን ትተው አገዳውን ፈተሉት፣
ድሮ እዚሁ ወንዝ ውስጥ ዘፍዝፈው።

ወይዘሮ ጎደሊቭ በዚያ ፋብሪካ
ሠላሳ አንድ ዓመት ጉድፍ ለቃሚ ነበሩ፣
ከጣቃው መሐል የዘለለውን ክር
ዓይናቸውን ጨፍነው በጣት የሚያገኙ።
ጨፈኑ።
አሮጌውን ዳበሱ፤ ከንፈራቸው ቆጠረ።
አዲሱን ዳበሱ፤ ቶሎ ጨረሱ።
"ባውራ ጣት ጥፍር ስፋት ሃያ ሁለት ክር ነበረ፣
አሁን አሥራ ስምንት"
አሉ፣ የጎረቤት ሐሜት እንደሚያወራ ሰው
ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እርሳስ የተጫንኩበትን ያንን አንድ አየሁት፤
አራት ክር ኖሯል ለካ።
ሲያዩት ያምር ሲበሉት ያቅር፣
ግን አልሰረዝኩትም።
መዝገቡ "ስንት ቀረ?" ይላል እንጂ
"ከምን ላይ ተቀነሰ?" አይልም፤
ለአሥረኛ ጥያቄ ሠንጠረዡ ቦታ የለውም።

ወይዘሮ ጎደሊቭ እሸጣለሁም አላሉ፣ እይዛለሁም።
ፖስታውን መልሰው ከብብታቸው፣
የሠርጋቸውን ጨርቅ በክንዳቸው፣
አዲሱን ለኔ ትተው ወረዱ፣
"መስኮትህ እርቃኑን ነው" ብለው።

ዓርብ ዕለት አክሲዮኑ በመቶ ሦስት ወጣ።
ጨርቁን ሰቅዬዋለሁ።
ጠዋት ፀሐይ ከማዶ ስትመጣ
ድልድዩ፣ የአሸዋ ጀልባው፣ ቁልቁል የሚሄደው ወንዝ ጭምር
በውስጡ ያልፋሉ፣
ክር በክር።